የዘር ፍሬ ማውጣት ብቻውን ይበቃልን?

ሃጊንስና ሆጅስ እ.ኤ.አ. በ1941 የዘር ፍሬን ማውጣት የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚያዳክም ካሳዩ ወዲህ፣ የሆርሞን ሕክምና ለገፋ ሕመም ዋነኛ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በላንሴት መጽሔት የወጣው የዊድማርክና የባልደረቦቹ ጥናት ይህን ልማድ ይሞግታል።

ጥናቱ በኖርዌይ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የሚገኙ 875 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት መደበ። ካንሰሩ ወደ አጥንት አልተሠራጨባቸውም። ሁሉም ለ3 ወራት የተሟላ የሆርሞን እገዳ ከተሰጣቸው በኋላ ፍሉታማይድ መውሰድ ቀጠሉ፤ የአንደኛው ምድብ ሕሙማን በተጨማሪ ቢያንስ 70 ግሬይ ጨረር ተሰጣቸው። በ10 ዓመት ውስጥ በካንሰሩ የሞቱት ያለ ጨረር 23.9 በመቶ፣ ከጨረር ጋር ደግሞ 11.9 በመቶ ነበሩ።

የጥናቱ ደካማ ጎን ፍሉታማይድን ለብቻው ማስቀጠሉ ነው። የሆርሞን ሕክምናው ደካማ በመሆኑ የጨረሩ ጥቅም ተጋንኖ ይሆን የሚል ጥያቄ ያስነሳል። መልሱን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የካናዳና የብሪታንያ ጥናት ነው። በዚህ ጥናት 1,205 ሕሙማን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የሆርሞን ሕክምና በመርፌ ወይም የዘር ፍሬን በማውጣት አግኝተዋል፤ ከ7 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ያለ ጨረር 66፣ ከጨረር ጋር 74 በመቶ ናቸው።

ይህ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው የጤና ባለሙያ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ሽንት ተዘግቶበት የመጣ ገበሬ የዘር ፍሬው ከወጣና ሕመሙ ከቀለለለት በኋላ «ታክሟል» ተብሎ ወደ ቀየው ከተሸኘ፣ የሕክምናው ግማሽ ቀርቶበታል። በእርግጥ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ለሳምንታት መቀመጥ ቀላል ወጪ አይደለም። የስካንዲኔቪያው ጥናት ይህን ችግር አልመዘነም። ሆኖም በዚያው ጥናት ጨረሩ የተጀመረው ከ3 ወር የሆርሞን ሕክምና በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሆርሞኑ ከታገደ ወረፋ የሚጠበቅባቸው የመጀመሪያ ወራት በከንቱ አይባክኑም።

በመሆኑም ከቀዶ ሕክምናው ጋር የስርጭት ምርመራና የሪፈር ወረቀት አብረው ሊታሰቡ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የስታምፒድ ጥናት ደግሞ ስርጭቱ ጥቂት ለሆነባቸው ሕሙማንም ጨረር ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቷል። ስርጭቱ ለበዛባቸው ግን ይህ ጥቅም አልታየም፤ እነርሱን ለዚህ ሲሉ ማንከራተት አይገባም።