በዓመት አንድ ሳምንት

«ብቸኛ ቁጥሮችና የሪማን መላምት» የተባለው መጽሐፍ ቀጭን ነው፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ዊሊያም ስታይንና የሃርቫርዱ ባሪ ማዙር ግን አሥር ዓመት ያህል ሠርተውበታል፤ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ብቻ፣ በኦገስት ወር። ሳምንቱ ሲያበቃ ረቂቁን ከነስህተቱ ለአንባቢ ይለቁት ነበር። የአንባቢው አስተያየት ሲሰበሰብ ከርሞ በሚቀጥለው ኦገስት እንደገና ይቀመጡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ሲወጣ ስታይን ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ።

የአሥሩ ዓመት ትዕግሥት በመጽሐፉ ሥዕሎች ላይ ይታያል። ከዜሮ ተነስተን በቁጥሮች ላይ እንራመድ፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር (ብቸኛ ቁጥር) ባገኘን ቁጥር አንድ ደረጃ እንውጣ። በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እንወጣለን። 25 ላይ ስንደርስ 9 ደረጃ ወጥተናል። ደረጃዎቹ ወጥ አይደሉም፦ ከ11 እስከ 13 አጭር ነው፣ ከ23 እስከ 29 ደግሞ ረጅም ሜዳ። ቀጥሎ ያው ደረጃ ራቅ ተብሎ ይሣላል፤ እስከ 100 ሲቆጠር 25፣ እስከ 1,000 ሲቆጠር 168። ገጽ በገለጥን ቁጥር ሻካራው እየለዘበ ይሄድና በመጨረሻ አንድ ለስላሳ መስመር ይሆናል። ያን ሁሉ ያልተስተካከለ እርምጃ ያየ አንባቢ ማንም ሳይነግረው ይጠይቃል፦ ይህ መስመር ምንድን ነው? የሒሳብ ሊቁ ሪማን በ1859 የጠየቁት ከዚህ የራቀ አልነበረም። እስከ አንድ ሚሊዮን ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 78,498 ናቸው፤ ለስላሳው መስመር የሚሰጠው ግምት 78,627 ገደማ ነው። መላምቱ እውነት ከሆነ፣ ምንም ያህል ርቀን ብንቆጥር ከግምቱ አኃዞች ግማሽ ያህሉ ልክ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ያህል ጥልቅ ነገር ካልኩለስ ለማያውቅ ሰው ሳይዋሹ ማሳየት በጣም ከባድ ሥራ ነው፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ግን ያደርገዋል።

ሥዕሎቹ የተሠሩት ስታይን ራሳቸው በጀመሩት ሶፍትዌር ነው። ሸማኔው የሽመና መሣሪያውንም ራሱ አቁሟል ማለት ነው። ያኔ የነበሩት ትልልቅ የሒሳብ ሶፍትዌሮች ውድ ነበሩ፤ የብዙዎቹም ውስጠኛ ኮድ ለተጠቃሚው ዝግ ነበር። ማረጋገጫው «ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ» የሚል ከሆነና ኮምፒውተሩ እንዴት እንዳለ ማንበብ ካልተቻለ፣ ማረጋገጫው ጎዶሎ ነው። ስለዚህ በ2005 ሴጅን ጀመሩ። አዲስ ቋንቋ አልፈጠሩም፤ ፓይተንን ያዙ። ሌሎች ለዓመታት የደከሙባቸውን ፓሪን፣ ጋፕንና ማክሲማን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች በአንድ ጣሪያ ሥር አስገቧቸው። የፓይተንን ዝግታ ለማሸነፍ በሴጅ ዙሪያ የተጀመረው ሳይተንም ዛሬ ከሒሳብ ውጭ ባሉ ፕሮግራመሮች ዘንድ የታወቀ መሣሪያ ሆኗል።

ስታይን በ2007 ያወጡት ሌላ መጽሐፍ፣ ሞዱላር ፎርሞች ስለሚባሉ የላቁ የሒሳብ ፈንክሽኖች የሚያስተምረው፣ ለጀማሪ አይደለም፤ መሠረት የሌለው ሰው ቶሎ ይደክመዋል። እኔ የማደንቀው ግን ሌሎች «እንዲህ ያለ ነገር አለ» ብለው በሚያልፉበት ቦታ መጽሐፉ «እንዲህ ተደርጎ ይሰላል» ብሎ መቀመጡን ነው። ቀጥሎ ለተማሪዎች የጻፉት የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍም ይህንኑ ይዟል። ምስጢራዊ መልእክት በብቸኛ ቁጥሮች እንዴት እንደሚቆለፍ ያስረዳና ከጎኑ ኮዱን ያስቀምጣል፤ ተማሪው በራሱ ቁጥሮች ቆልፎ መፍታት ይችላል።

ሴጅ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ መሆኑ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ስታይን ሲያትል ውስጥ ይጠቀሙበት የነበረውን ያንኑ መሣሪያ ጭኖ፣ የደረጃውን ሥዕል ኮድ ከፍቶ፣ 25 የሚለውን ቁጥር በ100,000 መተካት ይችላል። ያን ጊዜ 9,592 ደረጃ ይሣልለታል፤ ከሩቅ ሲያየው ለስላሳ፣ ቀረብ ብሎ ሲያየው ግን ያው ወጣ ገባ።