ጠባቂ የሌለው ገንዘብ፤ የሳቶሺ ናካሞቶ ጽሑፍ በዋጃ ገበያ ሲመዘን

ማንነቱ እስከ ዛሬ በውል ያልታወቀ፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራ ጸሐፊ በ2008 ዓ.ም. (በዚህ ሐተታ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ቢትኮይን ዘጠኝ ገጽ ጽሑፍ አወጣ። አሳቡ በአጭሩ ሲነገር፣ ሁለት ሰዎች ባንክን በመካከላቸው ሳያቆሙ ገንዘብ ሊቀባበሉ ይችላሉ፤ ክፍያው ሁሉ በአንድ የጋራ መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡንም አንድ ሹም ሳይሆን በየአገሩ የተበተኑ ኮምፒዩተሮች ይጠብቁታል የሚል ነው። ጽሑፉ ብዙ ምስጋና አግኝቷል። እኛ ግን ምስጋናውን ከመድገም ይልቅ ሁለት ጥያቄ ልናቀርብለት ወደድን። ይህ ገንዘብ ከሌባ ይጠበቃልን? የባለቤቱንስ ምሥጢር ይጠብቃልን? ለመለኪያም በቆቦና በአላማጣ መካከል ያለችውን የዋጃን ገበያ መረጥን።

አስቀድመን የጸሐፊው ቅሬታ እውነት ያለበት መሆኑን እንመሰክራለን። በ2021 ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ በደረሰ ጊዜ በቆቦና በአካባቢው ባንክ ተዘግቶ ነበር፤ የቁጠባ ደብተሩን የያዘ ሰው በገዛ ገንዘቡ ማሽላ ሊገዛበት አልቻለም። ገንዘብን ሁሉ በአንድ ጠባቂ እጅ ማኖር የሚያመጣውን ጣጣ የዚህ አገር ሰው ከመጽሐፍ አልተማረውም። ነገር ግን በዚያው ወራት መብራትና ስልክም አብረው ተቋርጠዋል። ቢትኮይን ያለ እነዚህ አይንቀሳቀስም። እንግዲህ መድኃኒቱ በሽታው በበረታ ቀን የማይገኝ ነው ማለት ነው።

ደግሞም ከቤተ መንግሥት ያልወጣ ገንዘብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አሞሌ ጨውና የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። ጠገራው 1780 የሚል ዓመት እንደ ያዘ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ ሲታተም የኖረ ነው፤ የሚቀበለውም ሰው የዘውዷን ፈርጥና የትከሻዋን ጌጥ እየመረመረ ይቀበለው ነበር። ባለቤት የሌለው ይመስል እንጂ ቅርጽ ማውጫው በእጁ የሆነ ሁሉ ሊያትመው ይችል ነበር። በ1935 ኢጣልያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማተም ጀመረች፤ በሚከተለውም ዓመት ለንደን ያንኑ ጠገራ አተመች።

የናካሞቶም ገንዘብ የራሱ ቅርጽ ማውጫ አለው፤ እርሱም የኮምፒዩተር ኀይል ነው። መዝገቡ የሚታመነው ከኀይሉ የሚበልጠው በቅን ሰዎች እጅ እስካለ ድረስ መሆኑን ጽሑፉ ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ይህም ያስመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ያ ኀይል በማን እጅ እንደሚከማች አጥብቆ አልመረመረም። የቢትኮይን መዝገብ በዚህ መንገድ ባይገለበጥም፣ አነስተኛ በሆነው በኢተሪየም ክላሲክ በ2019 እና በ2020 አጥቂዎች ከኀይሉ የሚበልጠውን ይዘው አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፍለውበታል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ጽሑፉ ዝም ያለው ነገር ነው። ሌባው መዝገቡን መስበር አያስፈልገውም፤ ቁልፉን መስረቅ ይበቃዋል። በ2014 ማውንት ጎክስ የተባለው የቶኪዮ መመንዘሪያ ሲወድቅ 850,000 ያህል ቢትኮይን መጥፋቱ ተነገረ፤ ከዚያ ውስጥ 200,000 ያህሉ ብቻ በኋላ ተገኘ። በ2022 ሮኒን ከተባለው መረብ 600 ሚሊዮን ዶላር ያህል የተወሰደው ከዘጠኙ ቁልፎች አምስቱ በሌቦች እጅ ስለ ገቡ ነው። ቁልፉን ለማንም ሳይናገር የሞተ ሰውም ጠገራውን በማሰሮ ቀብሮ እንደ ሞተ ነው፤ ልጆቹ ሀብት እንዳለ እያወቁ ይደኸያሉ።

ጸሐፊው የተከፈለ ገንዘብ የማይመለስ መሆኑን ለሻጩ መከታ አድርጎ ያቀርበዋል። በዋጃ ገበያ ግን የገዙት በሬ ነውር ቢገኝበት ሽማግሌ ተቀምጦ ገንዘቡን ያስመልሳል። ሽማግሌ የማይሰማ ገንዘብ ለሻጭ መከታ ቢሆን ለገዢ ወጥመድ ነው። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2022 እንዲህ ባለው ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ስላስጠነቀቀ፣ የተዘረፈ ሰው አቤት የሚልበት በር የጠበበ ነው።

ወደ ምሥጢሩ እንመለስ። ናካሞቶ መዝገቡ ለሁሉ የተገለጠ መሆኑን ያምናል፤ የሚሸሸገው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው። ለየክፍያውም አዲስ ቁልፍ እንዲያዝ ይመክራል። ሆኖም ልዩ ልዩ ገንዘቦች በአንድ ክፍያ ሲደመሩ ባለቤታቸው አንድ መሆኑ እንደሚታወቅ ራሱ ይናዘዛል። በ2013 ሣራ ማይክልጆንና ባልደረቦችዋ በዚሁ ስንጥቅ ገብተው አድራሻዎቹን በየባለቤታቸው መደቡ። በ2016 ከቢትፊኔክስ ከተሰረቀው 119,754 ቢትኮይን ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ዱካውን ተከትሎ 94,000 ያህሉን ያዘ።

ሌባ መያዙ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገቡ ሌባውን ከባልቴቷ አይለይም። ልጅዋ ከሳዑዲ ዓረቢያ ገንዘብ የሚልክላትን አንዲት የዋጃ እናት እናስብ። በጠገራ ቢሆን የተቀበለችውን ሰጪዋና እርስዋ ብቻ ያውቁታል፤ በባንክ ቢሆን ጸሐፊው ያያል እንጂ ገበያተኛው አያይም። በቢትኮይን ግን አድራሻዋን አንድ ጊዜ ያወቀ ደላላ በዚያ አድራሻ የገባላትንና የወጣባትን ዘወትር ሊቈጥር ይችላል። የ2024ቱ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያስጠፋ መብት ቢሰጠውም፣ ይህ መዝገብ መፋቅን አያውቅም። እንደ ሞኔሮ ያሉት ሥራውን ይሸሽጋሉ፤ ግን ከደላላው ብቻ ሳይሆን ከዳኛውም ጭምር ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ጽሑፉ ያለ ሹም መዝገብ መጠበቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። መዝገብን መጠበቅና ሰውን መጠበቅ ግን አንድ አይደሉም። ቁልፍ ለጠፋበት መፍትሔ፣ ለተበደለ ዳኛ፣ ለድኻም ምሥጢር እስኪገኝ ድረስ፣ ይህን ገንዘብ ለዋጃዪቱ እናት ተቀበዪ ብለን ለመምከር አንደፍርም።