ላሊበላን በአንድ ቀን ስለ መጐብኘት

ላሊበላን ለእንግዳ የሚያሳዩ ሰዎች አንድ የተለመደ ሥርዓት አላቸው። ጧት ከዮርዳኖስ በስተ ሰሜን ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት፥ ከቀትር በኋላ በስተ ደቡብ ያሉትን፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ቤተ ጊዮርጊስን ያሳዩና ያሰናብቱታል። እኛም በዚሁ ሥርዓት ተመርተን አንድ ቀን ሙሉ ዞርን። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) ይህን ሥራ አይቶ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስኪፈራ ድረስ ተደንቋል። ስለዚህ ድንቅነቱን መድገም አንሻም። የምንነቅፈው አሳያየቱን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከከተማው ርቆ በተራራ ዋሻ ውስጥ ስለሚገኝ ጊዜ ለተረፈው ሰው ብቻ ይተዋል። እኛም በዚያን ዕለት አልደረስንበትም፤ በማግሥቱ በራሳችን አሳብ ሄድን። ይህ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ይቁም እንጂ ከዐለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ነው። ነጭ ልስን ያለው የድንጋይ ረድፍና ጠቆር ያለው የእንጨት ረድፍ እየተፈራረቁ ግድግዳውን ሠርተውታል። ይህን ያየ ሰው ወደ ቤተ አማኑኤል ቢመለስ፥ ከአንድ ወጥ ዐለት በተጠረበው ግድግዳ ላይ ያለው ገባ ወጣ ያለ አግድም መስመር ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። ጠራቢው እንጨት አላስፈለገውም፤ ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን መልክ እንዲህ ነው ብሎ የለመደውን በዐለቱ ላይ ቀረጸ። ልማዱም ከአክሱም የመጣ ነው። በአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ላይ የእንጨት ጫፍ መስለው የተቀረጹት ድንጋዮች ይህንኑ ይናገራሉ፤ በደብረ ዳሞ ደግሞ እውነተኛው እንጨት ዛሬም ይታያል።

ዕለቱን ሙሉ ግን ይህን የነገረን አልነበረም። የሰማነው መላእክት በሌሊት መሥራታቸውን፥ ንግሥት መስቀል ክብራም ቤተ አባ ሊባኖስን በአንድ ሌሊት ማሠራታቸውን ነው። ትውፊቱን አንንቅም፤ እርሱም ራሱ ሊመረመር የሚገባው ታሪክ ነው። ዳሩ ግን የመሮው ምልክት በግድግዳው ላይ እየታየ ስለ ሠራተኛው እጅ አንድ ቃል አለመናገር የአባቶችን ድካም ማሳነስ መሰለን።

እንዲሁም 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን ተሠሩ ይባላል። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉት የአርኪዮሎጂ ሊቅ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሥ ላሊበላ እጅግ ቀድመው፥ በመጀመሪያም ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ ናቸው የሚል አሳብ አቅርበዋል። በ2010 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናትም ፍልፈላው በረዥም ዘመንና በየደረጃው እንደ ተካሄደ ያስረዳል። ከመካከላችን ይህን ያልተቀበለ ጓደኛ አለ። ይሁን እንጂ በድልድይ የሚገባበትን የቤተ ገብርኤልን ረዥም ፊት የተመለከተ ሰው አሳቡን በቀላሉ አይጥለውም።

በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ ስለ ቆሙት የብረት መጠለያዎች ብዙ አንጽፍም። ዝናቡን ይከላከላሉ፤ መልኩን ግን ያበላሻሉ። የአገሩ ሰዎችም ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ደኅንነት ተጨንቀው በ2018 ሰልፍ ወጥተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የቤተ መዘክር ነገር ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ቤልጅግ ከደረሰ በኋላ በ2001 ተመልሷል። ይህን ያሰቡ ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ ቅርስ ሁሉ በመስታወት ውስጥ ተቈልፎ ይቀመጥ አሉ። የቀሩት ደግሞ መስቀሉ ሕመምተኛ የሚዳሰስበት፥ ሕዝብ የሚባረክበት ነውና በመስታወት ከተዘጋበት ሌባው ሳይወስደውም ተወሰደ ማለት ነው ሲሉ መለሱ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

ወደ ላስታ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ግን በመጀመሪያው ቀን በማለዳ ተነሥተው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንዲሄዱ እንመክራለን። የእጅ ባትሪ አይርሱ፤ ዋሻው ጨለማ ስለሆነ እኛ ያጌጠውን የእንጨት ጣራ በሚገባ ሳናይ ተመልሰናል።