ፊደል የሸፈነው ስህተት

በጃቫስክሪፕት ዝርዝርን በሥራ ድርሻ ደርድሮ ተራ ቁጥር መስጠትን የሚያስተምሩ ማብራሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር ሰጥተው ያልፋሉ፦ በድርሻው ስም ሶርት አድርግ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ኢንዴክስ ሲደመር አንድ ስጠው። አጭር ነው፣ ይሠራልም። ቅሬታዬ ለምን እንደሚሠራ አለመንገራቸው ላይ ነው።

እስቲ በእግር ኳስ ቡድን ሞክሩት። እኔ ለትምህርት ክፍላችን ቡድን ስሠራ ድርሻዎቹን በአማርኛ ነበር የጻፍኳቸው፦ በረኛ፣ ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ። ጃቫስክሪፕት ሁለት ቃላትን በ«ያንሳል» ምልክት ስታወዳድሩ የሚያየው የፊደላቱን የዩኒኮድ ቁጥር ነው። በእኛ ፊደል «በ» ከ«ተ»፣ «ተ» ከ«አ» ይቀድማል፤ «አማ»ም ከ«አጥ» በፊት ይመጣል። ውጤቱ ልክ ሜዳ ላይ እንደሚሰለፉት ሆኖ መጣ። ደስ ብሎኝ ኮዱን ዘጋሁት።

ከዚያ አሰልጣኙን ጨመርን። የት ቢገባ ጥሩ ነው? በአማካይና በአጥቂ መሃል!

ለካ ኮዱ ስለ ድርሻ ቅደም ተከተል አንዳች ነገር አያውቅም ነበር፤ የሸፈነለት ፊደላችን ነው። በእንግሊዝኛ ብጽፋቸው ኖሮ ዲፌንደር አንደኛ፣ ፎርዋርድ ሁለተኛ፣ ጎልኪፐር ሦስተኛ ሆኖ ገና በመጀመሪያው ቀን ጉዱ ይታይ ነበር።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው፦ ለየድርሻው ደረጃ የሚሰጥ ትንሽ ሠንጠረዥ (በረኛ 1፣ ተከላካይ 2 እያለ እስከ አሰልጣኝ 5) ሠርታችሁ ማወዳደሪያው ፋንክሽን የአንዱን ደረጃ ከሌላው ይቀንስ። ግን ተጠንቀቁ። አንድ ሰው «ተከላካይ»ን አሳስቶ ቢጽፍ ሠንጠረዡ ውስጥ አይገኝም፤ የመቀነሱ ውጤትም ቁጥር ያልሆነ ነገር ይሆናል። ሶርት ይህን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፣ ማለትም «ከሁሉም ጋር እኩል ነው» ይላል። የስህተት መልእክት የለም፤ ዝርዝሩ ግን ሊዘበራረቅ ይችላል። ስለዚህ ከመደርደራችሁ በፊት ድርሻዎቹን ፈትሹ።

እኩል ደረጃ ያላቸው ተከላካዮችስ? ዛሬ በገቡበት ቅደም ተከተል ይቆያሉ፤ ይህን ግዴታ ያደረገው ግን የ2019ኙ የኢክማስክሪፕት ደረጃ ነው። የክሮም ሞተር ቪ8 እስከ 2018 ድረስ ከ10 በላይ አባል ያለውን ዝርዝር የሚደረድረው ይህን ቅደም ተከተል በማይጠብቅ ኩዊክሶርት ነበር። አንድ ቡድን ደግሞ 11 ነው! በአምስት ሰው ሞክሮ «ይሠራል» ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ከሁሉም በላይ የማልስማማው ግን ቁጥሩን ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጡ ከሚለው ምክር ጋር ነው። በረኛው ቢወጣ 2 የነበረው 1 ይሆናል፤ ትናንት በቁጥር የመዘገባችሁት ጎል ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። የማሊያ ቁጥር ከተጫዋቹ ጋር ይሄዳል፤ ተራ ቁጥር ግን የመስመሩ ነው። ተራ ቁጥሩን ዝርዝሩ በታየ ቁጥር እንደገና አስሉት፣ ተጫዋቹን ደግሞ በራሱ በማይለወጥ መለያ መዝግቡት።