አረፋና ሙቀት፦ በኮንትራስት የታገዘ የአልትራሳውንድ ሕክምና ከወንጪ አንጻር ሲመዘን

መግቢያ

አልትራሳውንድ ለብዙው የጤና ባለሙያ የምርመራ መሣሪያ ነው። በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ሲዞር የፅንሱን ልብ ያሳያል፤ በጉበት ላይ ሲያርፍ እባጩን ከውሃ ይለያል። ይኸው ድምፅ በአንድ ነጥብ ላይ ተሰባስቦ ሲላክ ግን ሕብረ ሕዋስን አሙቆ የሚገድል የሕክምና መሣሪያ ይሆናል። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ደግሞ የዚህን ሕክምና ኃይል ለማጎልበት በደም ሥር የሚሰጥ የአልትራሳውንድ ኮንትራስት፣ ማለትም ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች፣ አብሮ እንዲሰጥ የሚያበረታቱ ጽሑፎች በርክተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስልቱን ማወደስ ወይም ማጣጣል ሳይሆን የቀረበለትን ማስረጃ መመርመር ነው። ምርመራው የሚካሄደውም መሣሪያው ከተሠራበት ከተማ ሳይሆን በአምቦና በወሊሶ መካከል በምትገኘው ወንጪ ከምትኖር ታካሚ አንጻር ነው።

ስልቱ ከየት መጣ?

የተሰባሰበ አልትራሳውንድ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ዊሊያምና ፍራንሲስ ፍራይ የተባሉ ወንድማማቾች ድምፅን ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል በማነጣጠር ሠርተውበታል። በቻይና ቾንግቺንግ ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዕጢዎችን በዚህ መንገድ ማከም ተጀመረ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኤም አር አይ የሚመራውን መሣሪያ በ2004 ለማህፀን ማዮማ፣ በ2016 ደግሞ ለእጅ መንቀጥቀጥ ሕመም ፈቅዷል።

ኮንትራስቱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1968 ግራሚያክና ሻህ የተባሉ ሐኪሞች ወደ ልብ ፈሳሽ ሲወጋ የሚፈጠሩት አረፋዎች በአልትራሳውንድ ጎልተው እንደሚታዩ አሳተሙ። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት አረፋዎች ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጡ ናቸው። ለምሳሌ ሶኖቪው የተባለው መድኃኒት ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ጋዝ በፎስፎሊፒድ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚገኝበት ሲሆን የአረፋዎቹ አማካይ ስፋት 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ጋዙ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ በሳንባ በኩል ይወጣል። በኩላሊት የማይወገድ በመሆኑም ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማን ከሌሎች የኮንትራስት ዓይነቶች ይልቅ ተመራጭ ነው።

አረፋው ምን ይሠራል?

ሕብረ ሕዋስ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለጥቂት ሰከንዶች ሲሞቅ ይሞታል። የዚህ ዋና ተቃዋሚ የደም ፍሰት ነው፤ ደም የበዛበት ዕጢ የተላከለትን ሙቀት እንደ ወራጅ ውሃ እያጠበ ይወስደዋል። አረፋዎቹ በድምፁ ግፊት እየጠበቡና እየሰፉ ሲርገበገቡ የድምፁን ኃይል በአካባቢያቸው ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። ግፊቱ ሲበረታ ደግሞ በድንገት ይፈነዳሉ። በዚህም ምክንያት በአነስተኛ ኃይልና በአጭር ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ይቻላል የሚል ተስፋ ተጥሎባቸዋል።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን ያየ ሰው የጉዳዩን ሌላ ገጽታ በቀላሉ ይረዳል። ክዳኑ ሲነሣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ጋዝም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ድምፅም ግፊትን በሚቀንስበት ቅጽበት ከሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ራሱ አረፋ ሊፈጥር ይችላል። በጥቅምት 2023 በአሜሪካ ለጉበት ዕጢ የተፈቀደው ሂስቶትሪፕሲ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከውጭ የሚጨመር ኮንትራስትም ሆነ ሙቀት አያስፈልገውም። አረፋን ከውጭ መጨመር ግድ ነው የሚለውን አቋም ይህ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ያስገባዋል።

ማስረጃው ሲመረመር

በማዮማ ላይ የታተሙት ጥናቶች በአብዛኛው የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነው። ኮንትራስት የተሰጣቸው ሴቶች በአልትራሳውንድ ምስል ላይ የሚታየው የቀለም ለውጥ ፈጥኖ ታይቶባቸዋል፤ ያስፈለጋቸው የድምፅ ኃይልም አንሷል። ይህን ውጤት ሐሰት ነው ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለም። ሆኖም ሦስት ድክመቶች ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው የመለኪያው ጉዳይ ነው። የሕክምናው ጊዜ ማጠሩ ለመሣሪያው ባለቤት ጥቅም ነው፤ ለታካሚዋ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የወር አበባዋ ቀንሷል? የደም ማነሷ ተሻሽሏል? ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዳግም ሕክምና አስፈልጓታል? ልጅ መውለድ ችላለች? ብዙዎቹ ጽሑፎች በምስልና በሰዓት ልኬት ላይ ቆመው ወደነዚህ ጥያቄዎች አይሻገሩም።

ሁለተኛው የንጽጽሩ ጉዳይ ነው። በ2018 የታተመውና በቻይና 20 ሆስፒታሎች 2,411 ሴቶችን ያካተተው ትልቅ ጥናት የተሰባሰበ አልትራሳውንድን ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። ብዛቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ሴቶቹ በዕጣ አልተመደቡም። ቀዶ ሕክምናን የመረጡትና ያልመረጡት ሴቶች ከመነሻው አንድ ዓይነት ካልሆኑ በመጨረሻ የታየው ልዩነት ሁሉ የሕክምናው ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ ለኮንትራስቱ ተገቢው ተነጻጻሪ ባዶ ጨው ውሃ ብቻ አይደለም። ኦክሲቶሲን በደም ሥር ሲሰጥ ወደ ማዮማው የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ኃይል እንደሚቀንስ ታትሟል። ኦክሲቶሲን ደግሞ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት መድማትን ለመከላከል በየጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ርካሽ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ኮንትራስት ከምንም ይሻላል ወይ ሳይሆን ኦክሲቶሲን በተሰጠበት ላይ ምን ይጨምራል የሚለው ነው።

ሦስተኛው የመነሻው ጉዳይ ነው። ከማስረጃው ውስጥ ሰፊው ድርሻ የተገኘው መሣሪያው ከተሠራበት አገር፣ ለረጅም ጊዜ ከሠለጠኑ እጆች ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ውጤቱ በሌላ ቦታ ያለምንም ለውጥ ይደገማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በአንጎል ሕክምናም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ሂኒነንና ባልደረቦቹ በ2001 በጥንቸሎች ላይ እንዳሳዩት አረፋ ከዝቅተኛ ድምፅ ጋር ሲጣመር በደምና በአንጎል መካከል ያለው ግርዶሽ ለጊዜው ይከፈታል። በዚህ መስክ አረፋው ረዳት ብቻ ሳይሆን የሥራው ዋና ባለቤት ስለሆነ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። በጥር 2024 የታተመ ሥራ አዱካኑማብ ከዚህ ስልት ጋር በተሰጠባቸው 3 የአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ የአሚሎይድ ክምችት ድምፁ ባረፈበት ወገን ይበልጥ መቀነሱን አሳየ። በዚያው ወር ግን አምራቹ መድኃኒቱን ከገበያ እንደሚያነሣ አስታወቀ። በር የሚከፍተው ስልት ሠራ ማለት በበሩ የገባው መድኃኒት ሕመምተኛውን ጠቀመ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የደኅንነት ጥያቄ

ኮንትራስቱ ለምርመራ ሲሰጥ ደኅንነቱ ጥሩ ነው። በጣሊያን ከ23,000 በላይ የሆድ ምርመራዎችን የመዘገበና በ2006 የታተመ ጥናት ያገኘው ከባድ ጉዳት 2 ብቻ ነው። የአሜሪካው አስተዳደር በ2007 ከልብና ከሳንባ ጋር በተያያዙ አደጋዎች ምክንያት በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ በ2008 አላልቶታል። ሆኖም እነዚህ አኃዞች የተገኙት አነስተኛ ኃይል ካለው የምርመራ ድምፅ ጋር ነው። በደም ውስጥ ያሉ አረፋዎች ከቆዳ እስከ ዕጢው ባለው መንገድ ሁሉ ይገኛሉ፤ ከፍተኛ ኃይል ሲላክባቸው ሙቀቱ ከታለመለት ቦታ ቀድሞ በቆዳ፣ በአንጀት ወይም በነርቭ አካባቢ ሊፈጠር ይችላል። የምርመራውን መዝገብ ለሕክምናው ዋስትና አድርጎ ማቅረብ እንግዲህ የአመክንዮ ዝላይ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ የሚጨመር ነገር አለ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ወጣት ሴቶችን አብዝቶ ያጠቃል፤ የማይትራል ክዳን መጥበብም የሳንባ ደም ቧንቧን ግፊት ያንራል። የሶኖቪው መመሪያ ከባድ የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት ያለባቸውን ሕሙማን ከሚከለከሉት ውስጥ ይመድባቸዋል። በማዮማ የምትደማ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ስትተነፍስ የሚያቃትታት ከደም ማነስ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ በዚህ ረገድ አደገኛ ነው።

ከወንጪ አንጻር

ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ሐይቋ ትታወቃለች፤ በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ገብስና እንሰት የሚያመርተው ነዋሪዋ ግን ሲታመም ጉዞው በሰሜን ወደ አምቦ፣ በደቡብ ደግሞ ወደ ወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ነው። የተሰባሰበ አልትራሳውንድ በአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት የተለመደ ሕክምና አይደለም። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ወንጪን አይመለከታትም ማለት አይደለም። «ያለ ቢላዋ፣ ያለ ጠባሳ» የሚለው ማስታወቂያ በስልክ ገጠር ድረስ ይደርሳል፤ ማህፀኗን ላለማጣት የምትሳሳ ሴት በሬና መሬት አሽጣ ወደ ውጭ አገር እንድትሄድ ሊገፋፋት ይችላል። ያኔ ምክር የምትጠይቀው የመሣሪያውን አምራች ሳይሆን የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የጤና ጣቢያውን አዋላጅ ነርስ ነው። የባለሙያው መልስ የቤተሰብ ጥሪት የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ይሆናል።

ስለሆነም ስለ ስልቱ የምትጠይቅን ታካሚ የሚያማክር ባለሙያ የሚከተሉትን ቢያገናዝብ ይጠቅማል፦

1. ከሁሉ አስቀድሞ የደም ማነሷ ይለካ፤ ብረት ይሰጣት፤ መድማቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ይሞከሩ። ይህ በአቅራቢያዋ የሚገኝና የትኛውም ሕክምና ቢመረጥ የሚያስፈልግ ነው።

2. ልቧ ይደመጥ፤ የሚያጠራጥር ድምፅ ከተሰማ የልብ አልትራሳውንድ ይደረግላት።

3. በድምፅ የተቃጠለ ዕጢ ለፓቶሎጂ የሚላክ ናሙና እንደማይተው ትወቅ። በፍጥነት የሚያድግ ወይም ካረጠች በኋላ የታየ ዕጢ ለዚህ ሕክምና አይታጭም።

4. ሕክምናው ማዮማውን ወዲያው እንደማያስወግደው፣ ዕጢው በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚኮማተርና ዳግም ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ይነገራት።

5. ከተመለሰች በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ቃጠሎ ወይም የእግር መደንዘዝ ቢከሰት ማን እንደሚከታተላት አስቀድሞ ይታወቅ።

ማጠቃለያ

በዚህ ሁሉ ትችት መካከል የኮንትራስቱ አንድ ጥቅም በግልጽ ሊመሰከርለት ይገባል። ሕክምናው እንዳለቀ አረፋው ቢሰጥ የደም ፍሰቱ የተቋረጠበትን የዕጢ ክፍል ወዲያው በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ ኤም አር አይ ውድና ሩቅ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ አረፋው ሙቀትን የሚጨምር ተብሎ ከተወደሰበት ይልቅ እውነትን የሚያሳይ ሆኖ ይበልጥ ይታመናል። ሙቀት ጨማሪነቱን በሚመለከት ግን ጸሐፊዎቹ በዕጣ የተመደቡ፣ ከኦክሲቶሲን ጋር የተነጻጸሩና ታካሚዎቹን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። እስከዚያው ድረስ የወንጪዋ ታካሚ ከጤና ባለሙያዋ የምትሻው የአዲሱን መሣሪያ ዝና ሳይሆን፣ የተረጋገጠውን ከተገመተው ለይቶ የሚነግራትን ሰው ነው።