ጆሮ የሚያነበው ጽሑፍ

የሞርስ ኮድ ጎበዝ ነጥብና ሰረዝ አይቆጥርም። በደቂቃ 60 ቃል ሲላክ አንዷ ነጥብ የምትቆየው 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ማን ቆጥሮ ይደርሳል? የሚሰማው የቃሉን ዜማ ነው። አሜሪካዊው ቴድ ማኬልሮይ እ.ኤ.አ. በ1939 በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል በደቂቃ 75.2 ቃል እየሰማ በታይፕ መትቷል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ከጣት ፍጥነት ይልቅ እርጋታው ነው፦ ጆሮ አዲሱን ቃል ሲቀበል ጣት ገና ያለፈውን ይጽፋል፤ መሀል ላይ ያለውን የሚይዘው አእምሮ ነው። ከዛሬዎቹ የአማተር ራዲዮ ሰዎች ብዙዎቹ ወረቀቱንም ትተውታል። ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው ያዳምጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሞርስ መላኪያውን ቁልፍ ነካ ነካ አድርገው ይመልሳሉ፤ ቀልድ ሳይቀር! አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞርስን ፈተና ከአማተር ራዲዮ ፈቃድ መስፈርት አውጥታዋለች። እዚያ ከዚያ ወዲህ የሚማረው ሁሉ ወዶ ዘማች ነው።