«ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» ስንል

ያደግኩት ባንኮ ጎቲቲ ነው። የፋሲል ግንብን መጀመሪያ ያየሁት መጽሐፍ ላይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት» አለኝ፤ አመንኩት። ከዚያ ወዲህ ይህችን አባባል ከስንት ሰው አፍ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ስህተት ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ቅደም ተከተሉን ነው። እስቲ እዚህም ላይ እንሞክረው።

በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1541 መጡ። የመጡት ሊዋጉ እንጂ ሊገነቡ አይደለም። እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራ ግንብ አጼ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) እንዳሠራው ይነገራል። ጎርጎራ ላይ ለአጼ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠራው ፔድሮ ፓኤዝ አገር የገባው ደግሞ በ1603 ነው። እሱም ቢሆን ስፔናዊ ነው! ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነ፣ አገር ታመሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ጎንደርን የቆረቆረው በ1636 ነው። በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ዋና ግንበኛ ሕንዳዊ እንደነበር ጽፏል።

ታዲያ የፖርቱጋል እጅ የለበትም ማለት ነው? አይደለም። የወታደሮቹ ዘሮች አገር ውስጥ ነበሩ፤ የጎርጎራው ሥራም ለባለሙያው ትምህርት ሳይተው አልቀረም። ግን የሰው ላይብረሪ ተጠቅሜ የሠራሁትን መተግበሪያ «ላይብረሪውን የጻፈው ሰው ሠራው» ብትሉኝ አልስማማም።

አንድ የጌዴኦ ልጅ ይህ ለምን ያንገበግበዋል? እኛ ሰፈር የሚለቀመው ቡና የጌዴብ ወረዳ ቡና ነው፤ ባሕር ማዶ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠው «ይርጋጨፌ» ተብሎ ነው። ይርጋጨፌ ጎረቤታችን ነው፣ ቅር አይለኝም። ግን ስም አንዴ ከተለጠፈ ከሥሩ ያለውን ሰው ማን ይጠይቃል? ፋሲል ግቢ በ1979፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 ዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። የእኛው ግንብ የለበትም፤ እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍና ትክል ድንጋይ ነው። ይህን ማሳ ማን ሠራው ቢባል ግን መልሱን ማንም አይስትም፦ ገበሬው።

ስለዚህ ክርክሬ ከፖርቱጋል ጋር ብቻ አይደለም። «ፖርቱጋል ሠራው» የሚለውን ሰርዘን «ፋሲል ሠራው» ብንልም ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ንጉሡ አዘዘ። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የተሸከመው፣ ኖራውን ያቦካው ሌላ ሰው ነው። ያ ልጅ ዛሬ አጠገቤ ቢቀመጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ድንጋዩን ማን ተሸከመው?